አራት ቀዳዳ

ሚስማር አላውቅም እኔ፣ ሙጫም አላውቅም፤
ከአንድ ግንድ የወጣ ወንበር አይላቀቅም፤
እያልኩ ነው የኖርኩት፣ ከአዌቱ ወንዝ ማዶ፣
የዋንዛው ፍቅፋቂ እግሬ ስር እንደ በረዶ ወርዶ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ዝናብ እንዳባራ፣
ግንድ ከአይሱዙ ላወርድ ወጣሁ ከነዚፍ ጋራ፤
ጭቃው አዳለጠኝ።
ወገቤ «ቀጭ» አለ።
ድምፁን አውቀዋለሁ፤
ልቡ የተሰነጠቀ እንጨት እንደዚያ ነው የሚለው።

ሁለት ወር ተኛሁኝ፣ ግራ እግሬ በድን ሆኖ፣
የወጌሻው ቅባት በከንቱ ባክኖ።
ዶክተር ረውዳ ፎቶዬን ከመብራቱ ሰቅላ
«እዚህ ጋ ነው» አለች፣ «ማገሩ የላላ።
ድሮ ቢሆን ጀርባህን ከላይ እስከ ታች ከፍተን፣
ጡንቻህን ገልበን ነበር።
አሁን ግን ክንድ አለ፤ አይንቀጠቀጥም፤
ስህተቱ ቢለካ ከሚሊሜትር አይበልጥም።»

«የማን ተማሪ ነው? ማን ጋ ነው የለመደ?
እጁን ስንቴ ቆረጠ? ስንት ዋንዛ አነደደ?»
ሳቀች።
«እሱ መንገድ ይይዛል እንጂ አይወስንም፤
የሚገፋው የኔ እጅ ነው።»

እኔ ግን ፈራሁ።
በትንሽ ቀዳዳ የሚገባ ሁሉ፣ በኛ ሙያ፣ ጠላት ነው።
ነቀዝን አውቀዋለሁ፦
መግቢያው የመርፌ ጫፍ፣ አፉ ላይ ዱቄት ጣል፤
ወንበሩ ከላይ ሲያዩት ያበራል፣ ይስቃል፤
ትቀመጥበታለህ፣
ከስርህ ይናዳል።
በሐጂ ሳቢት ልጅ ሰርግ፣ በሰው ፊት ያዋረደኝ እሱ ነው።

ተኛሁ። አላየሁም።
ቀሪውን የነገረኝ የማደንዘዣው ልጅ ነው፣ ዳንጌ፣ የዳውሮ ሰው።
ሦስተኛው ብሎን ላይ መብራት ሄደ አለኝ።
ጅማ ነው፣ ክረምት ነው፣ መብራት ይሄዳል።
ጄነሬተሩ አስነጥሶ እስኪነሳ
ክንዱ ባለበት ቆመ፤
አልወደቀ፣ አልደነገጠ፤
ረውዳም እጇን ሳትነቅል፣ ትንፋሿን ውጣ፣
መሮዬ ጉጥ ሲያገኝ እኔ እንደምቆመው
ጨለማው ውስጥ ቆመች።

ስነቃ ጀርባዬን በጣቴ ዳሰስኩት፤
አራት ቀዳዳ ነው፤ ደግሜ ቆጠርኩት፤
እያንዳንዱ እንደ አውራ ጣቴ ጥፍር፤ ክሩ ሁለት ሁለት።
ሚስማር አላውቅም ያልኩት ሰውዬ
አራት ብሎን ተሸክሜ
በማግስቱ እስከ መስኮቱ ሄድኩ።
እግሬ ወለሉን አወቀው። ቀዝቃዛ ነበር።
አለቀስኩ መሰለኝ።

አሁን ግንድ አላነሳም፣ ተከልክያለሁ፤
ነዚፍ ያነሳልኛል፣ እኔ እቆጣለሁ።
ትናንት ለጥገና ከመጣ በርጩማ
እግሩ ላይ አየሁት፤ የመርፌ ጫፍ ታክላለች፣ ዱቄቷ ትኩስ ነው።
በፊት ቢሆን እሳት ነበር፤
ነዚፍም ልምዱን ያውቃል፣ መጥረቢያ አነሳ።
«ተው» አልኩት።
ከፋርማሲ ስሪንጅ አስመጣሁ፣ ነጭ ጋዝ ሞላሁ፤
በዚያችው ቀዳዳ፣ ነቀዙ በገባባት፣
ሳልፈልጠው፣ በቀስታ፣ ተከትዬ ገባሁባት።
«ይሄ ምን ያደርጋል?» አለ ነዚፍ።
«ዝም በል» አልኩት፣
«መብራት ያዝልኝ።»