ከቀይ ወዲያ

በታሊን ታኅሣሥ ነው፤ ዘጠኝ ሲል ፀሐይ ገባች፤
ኡርቬ በሩን ቆልፋ መብራቱን አጠፋች።
ፀሐይ ለሚመዝን ጨለማ ያሻዋል፤
አምፖል ከበራማ ማን ሹክታ ይሰማል?

ጠረጴዛዋ ላይ ሁለት ስስ ናሙና፣
ጣራ ላይ ተሰጥተው ኃይል ሊሆኑ ገና፤
አንደኛው እንደ ሐር ለስላሳና ቀና፣
ሌላው የሻከረ፣ ጥጉ የተሸረፈ፤
ካሬል በጀርባው ላይ «ይጣላል» ሲል ጻፈ።

አረንጓዴ ጨረር በሐሩ ላይ ለቀቀች፤
እጇን ከጉንጯ ላይ አድርጋ ጠበቀች።
ዝም አለ ናሙናው። መስመሩም ተጋድሞ።
የጎረሰው ብርሃን የት ደረሰ ደግሞ?
ነቀዝ እንደ ገባው የሚያምር ጎተራ
ውስጥ ውስጡን አለቀ፣ ሞቆ ሳያበራ።

ሕጉ እንዲህ ነው እዚህ፦
ብርሃን ተበድሮ ብርሃን ካልመለሰ
መልኩን አትመነው፤ ውስጡ ነው ያፈሰሰ።

የተሸረፈውን ለወጉ ብትነካው
መስመሩ ዘለለ፤ ስክሪኑ አልበቃው።
ከቀይ ወዲያ ያለ፣ ለዓይን የማይታይ፣
በጥፍር ልክ መስታወት የበቀለ ፀሐይ።

ካሬልን አልጠራችም። እንደገና ለካች።
ደግሞም እንደገና፤ ሌንሱን ወለወለች።
«ይጣላል» የሚለውን በጣቷ ብትፈትገው
ቀለሙ አልለቅ አለ፤ እሷም ዝም አለችው።

ውጭ በረዶ ይጥላል፤ ትራሙ ደወለ፤
ፀሐይ እስክትወጣ
አሥራ አምስት ሰዓት አለ።