ግራ እግር

ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቪትዟ አሰበችልኝ፤
ማርሹን ራሷ መርጣ፣ ራሷ ቀየረችልኝ።
እኔ መሪ ይዤ፣ ቀኝ እግሬን አዝዤ፣
ከኮቺ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ኮቺ፣
እንደ ሻንጣ ተጉዤ።

ግራ እግሬ ግን ተኛ።
ሰው ማስተኛት ሥራዬ ነው፤
ሰመመን ሰጪ ነኝ፣ ከቀዶ ጥገናው በር፣
"እስከ ዐሥር ቁጠሩ" ብዬ ሰባት ላይ የማስቀር፤
የራሴ እግር መተኛቱን
ማን ይንገረኝ ነበር?

ከዚያ ይቺ መጣች።
ሰማያዊ ሱባሩ፣ ኮፈኗ ላይ አፍንጫ ያላት፣
በዕድሜ ልጄን የምትበልጥ፣
ሙዘሚል ጋራዥ ጥግ፣ ሸራ ለብሳ፣ ሁለት ክረምት ያለፋት፣
ቱርቦዋ እንደ ድመት እፍፍ የሚል ስትቆጣ።
"ማንዋል ናት" አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
ነውሯን አስቀድሞ እንደሚናገር አማላጅ፣
ኋላ ጣጣ እንዳይመጣ።

ቪትዟን ሸጥኩ። ተካልኝ፣ ባለቤቴ፣ ሦስት ቀን አላናገረኝም፤
በአራተኛው "ለምን?" አለ። መልስ አልነበረኝም።

ሄርማታ፣ ሐሙስ፣ ገበያው በሞላበት፣
በአህያውና በሙዝ ጋሪው መሀል
ሞተሩ ጠፋብኝ። አስነሣሁ። ጠፋ።
አስነሣሁ። እንደ ፌንጣ ዘለለች፣ ጠፋ።
ከኋላዬ ያለው ባጃጅ ሁሉ ጥሩምባውን ነፋ፤
አንዱ ጎረምሳ አንገቱን አውጥቶ
"አይዞሽ እትዬ፣ እንቁላልም በእግሩ ሄዷል!" ብሎኝ አለፈ፤
የሸንኮራ ሻጮቹ ሳቅ እስከ ድልድዩ ጎረፈ።
እኔም ሳቅኩ፣ ላቤ ወገቤ ደርሶ፣
ግራ ጉልበቴ እየራደ።

"ሰዓቱን አትዪው" አለ ሙዘሚል፣ እጁን እየጠረገ፣
(ጨርቁ ከእጁ ይበልጥ ይጠቁራል)
"ፍሪሲዮን የሚለቀው እግር አይደለም፣ ጆሮ ነው።
ስትታፈን ማርሽ ቀንሺላት፣ ስትጮህ ጨምሪላት፤
ሌላው ወሬ ነው።"

ስትታፈን። ስትጮህ።
ይሄን ቋንቋ የት ነው የማውቀው?

ጅሬን ዳገት ላይ፣ ወደ አባ ጅፋር ግቢ መውጫው፣
ዝናቡ አስፋልቱን በቀይ ጭቃ ሲቀባ፣
ከብት ከፊቴ ተሻገረ። ቆምኩ።
ከኋላዬ አይሱዙ፣ ጠጠር የጫነ፣
መከላከያው መስታወቴን የሞላ፤
መሸሻ የለም፣ ከፊትም ከኋላ።

የእጅ ፍሬን ያዝኩ። አንደኛ አስገባሁ።
ነዳጅ፣ ጥቂት። ከዚያ ግራ እግሬን
በጸጉር ስፋት፣ በጸጉር ስፋት አነሣሁ፤
የሆነ ቦታ ላይ፣ ከመርገጥና ከመልቀቅ መካከል፣
መሪው መዳፌ ውስጥ ተንቀጠቀጠ፣
ኮፈኗ ቀና አለ፣ ድምጿ ወፈረ፣ ተለወጠ፤
አወቅሁት።
ቀዶ ጥገናው አልቆ፣ መድኃኒቱ ሲተን፣
በሽተኛው ገና ሳይነቃ፣ ገና ሳይመለስ፣
የዐይኑ ቆብ ጫፍ እንደሚርገበገበው።
ስሙን የምጠራው ያኔ ነው፤
ቀድሜ ብጠራው አይሰማኝም፣
ብዘገይ ደንግጦ ነው የሚነቃው።

የእጅ ፍሬኑን ለቀቅሁ።
አንዲት ጣት ታህል ወደኋላ አላለችም።
ወጣች።

ከዚያ ወዲህ አልፎ አልፎ፣ የሌሊት ተራ ጨርሼ፣
ፀሐይ ሳትቀድመኝ የአጋሮን መንገድ እይዛለሁ፤
ጠምዛዛውን በሁለተኛ፣ ቀጥታውን በሦስተኛ፤
ቱርቦዋ ስትነቃ ወንበሩ ጀርባዬን ይስበዋል፣
ከዛፍ ላይ ጉሬዛ ነጭ ጭራውን አንጠልጥሎ ያየኛል።
"ፍጥነቱ አይደለም የማረከኝ" እላለሁ ለጠየቀኝ።
ውሸቴን ነው። ፍጥነቱም ነው።

አሁንም ይጠፋብኛል፤ ትናንት እንኳ አጂፕ ጋ፣
ትራፊኳ ቆማ እያየችኝ።
ተካልኝም አሁንም መልሴን ይጠብቃል።
ግን ትናንት ሌሊት ቀሰቀሰኝ፤
"ምንድን ነው የምትረግጪው?" አለ፣
ብርድ ልብሱ ተገፎ እግራችን ሥር።
ግራ እግሬ ነበር፤
እኔ ተኝቼ እሱ ነቅቶ፣
ፍራሹን ቀስ አድርጎ እየረገጠ፣ ቀስ አድርጎ እየለቀቀ።
"ሁለተኛ ላስገባ ነው" አልኩት፤
ዞሮ ተኛ፣ እየሳቀ።