ጉዳዩ

ከዚራ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ጥግ፣ ከኒሙ ጥላ ሥር፣
ሠላሳ ዓመት ጻፍኩ የሰው ችግር በመስመር።
ከጽሕፈት መኪናዬ «ሩ» የምትባለዋ ወልቃለች፤
«ሩቅ» የሚል ቃል ሲመጣ በእስክርቢቶ ትሞላለች።

ዛሬ በማለዳ፣ ሙቀቱ ሳይከርር፣
ሸምሲያ መጣች፣ ከደቻቱ ማዶ ሰፈር፤
ሕፃን በጀርባዋ፣ በእጇ ፌስታል ይዛ፣
ውስጡ ያለው ወረቀት በላቧ የወዛ።

«ጻፍልኝ» አለችኝ። «ምን ብዬ?» አልኩ እኔ፤
«አንድ ማመልከቻ ለአንድ ጉዳይ ነው፣ ወገኔ።
መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ሁለት ካየች ትመልሳለች፤
‹ጉዳዩ› ከሚለው ጎን አንድ መስመር ብቻ አለች።»

«እንግዲያው ስለ ሚዛኔ» ብላ ጀመረችኝ፤
«ቀፊራ አስፋልት ዳር ቲማቲም ስሸጥ አገኘኝ
ደንብ አስከባሪው፤ ሸራዬን ጠቀለለ፣
ሚዛኔን ወሰደው፣ ‹ነገ ነይ› እያለ።
ያ ‹ነገ› ይኸው ስድስት ሳምንት ሆነው።»
ጻፍኩ፦ ጉዳዩ ሚዛን ስለማስመለስ ነው።

«ቆይ አቦ» አለችኝ። «ሚዛኑ ስለሌለ እኮ ነው
ልጄ ሦስተኛ ክፍል ላይ ደብተሯን የዘጋችው።
ቀዝቃዛ ውሃ በፌስታል፣ በባልዲ ሞልታ፣
መናኸሪያ ትውላለች፣ ራሷ ተጠምታ።»
ወረቀቱን አወጣሁ፤ ሌላ አስገባሁ አዲስ፦
ጉዳዩ፣ ልጅን ወደ ትምህርት ስለመመለስ።

«ቆይ እስኪ። እሷ ከተማረች ይሄን ማን ያዝለዋል?
እንደ ቀትር ሐዲድ ገላው ያቃጥላል፤ አራት ቀን አልፎታል።
ትንኟ ከበርሜላችን፣ ከጠራው ውሃ ነው የምትፈላ፤
ቧንቧ በስምንት ቀን ነው የሚመጣ፤ የት ይጠራቀም ሌላ?
አጎበር ሲታደል ስማችን ታጣ ከዝርዝር፤
‹ቤታችሁ ቁጥር የለው› አሉን፣ ‹ያለው አሸዋው ዳር።›»

ሦስተኛ ወረቀት።
«አሸዋው ዳር» ስትል ግን እኔው አስቆምኳት፤
«ክረምትስ?» አልኩ። ዝም አለች። ከዚያ መጣላት፦
«ድሬ ሰማዩ ጠርቶ ኮከብ ሲቆጠር፣
ደጋ የዘነበው ሌሊት ይደርሳል ሳይነገር።
ክረምቱን ሙሉ ጫማዋን አስራ ነው ልጄ የምትተኛ፤
‹ውሃው ሲመጣ ሙአዝን ይዤ የምሮጠው እኔ ነኛ!›»

ጣቴ ቁልፉ ላይ ቆመ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ
የሰው ኑሮ ስቆራርጥ ኖሬያለሁ፣ ለየቢሮው በየክፍሉ፤
አሸዋውን ለማዘጋጃ፣ ልጅቷን ለትምህርት፣
ትኩሳቱን ለጤና፣ ሚዛኑን ለንግድ ጽሕፈት ቤት።
አንድ ክር ነው እኮ፤ ካንዱ ጫፍ ሲስቡት
ሌላው ይተረተራል። እኔ ነበርኩ የምቆርጥበት።
(መዝገብ ቤት ያለችውም ክፉ ልጅ አይደለችም፤
አንድ መሳቢያ ነው የሰጧት፤ ሁለት ነገር አይይዝም።)

«ስሟ ማን ነው?»
«ሩምያ።»
«ዕድሜዋስ?»
«ዘጠኝ፤ በመስከረም አሥር።»

አራተኛ ወረቀት አስገባሁ። ለአንድ ፊደል ቦታ ተውኩ፣
«ምያ»ን በቁልፍ፣ «ሩ»ን በእጄ ጻፍኩ፦

ጉዳዩ፦ ሩምያ።

«ከላይ በርእሱ እንደተጠቀሰው» እያልኩ ስንቱን ጻፍኩት፤
ዛሬ ገና ርእስ አገኘ። እንዲህ ብዬ ቀጠልኩት፦
«ሚዛኑ ይመለስ፤ እናት ሸጣ ትግባ በቀን፤
አጎበሩ የቤት ቁጥር አይጠይቅ፤ ትንኟም አልጠየቀችን።
ጎርፉ ሳይደርስ ደወል ይምጣ ከላይኛው አገር፤
የዘጠኝ ዓመት ልጅ ዘብ አትሁን፤ ጫማዋን አውልቃ ትደር።
ጠዋትም በዚያው ጫማ ትምህርት ቤት ትሂድ።»

በአውራ ጣቷ ፈረመች። ሃያ ብሬን ተቀበልኩ፤
ልተውላት አሰብኩ፤ የቤት ኪራይ አለብኝና አልተውኩ።

ከሰዓት በኋላ ወሬው መጣ ከተላላኪው፦
መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ገልብጣ ገላብጣ አየችው፣
«ይሄ የየትኛው ክፍል ነው?» ብላ ጠየቀች።
«የሁሉም» አለቻት ሸምሲያ፣
ልጇን ከጀርባዋ አወረደች፣
በሩ ላይ ተቀመጠች።
እስካሁን አልተነሣችም።