የስብራቱ ምንጭ

መስኪገን ተኝቷል፤ ሐይቁም በረዶውን ለብሶ ያንኮራፋል፤
ከቤተ ሙከራው ጥግ ማሽኑ ብቻውን ይለፋል።
ይስባል፣ ይለቃል። ይስባል፣ ይለቃል።
መሰልቸት ምን እንደሁ ከየት ብሎ ያውቃል።

ሁለት መንጋጋ ላይ ሁለት ዘንጎች አሉ፣
ከአንድ ጭልፋ ወርደው ከአንድ እቶን የበቀሉ፤
አንዱ አሸዋ ውስጥ ተኝቶ ቀስ ብሎ የጠጠረ፣
ቅንጣቱ ሳይጣደፍ እንደ ባቄላ የወፈረ፤
ሌላው የብረት ቅርጽ ውስጥ ወድቆ ድንገት የደነገጠ፣
ቅንጣቱ እንደ ጤፍ ደቆ ጎን ለጎን የተቀመጠ።

ስንጥቅ መንገደኛ ነው፣ ሰፊ እርሻ ይወዳል፤
ደቃቅ ማሳ ሲገባ በየድንበሩ ይንገዳገዳል።
ስለዚህ በልቤ ተወራረድኩ፦ የአሸዋው ይቀድማል።

ብረት ወሰን አለው፤ ከዚያ በታች ብትጭነው ዘላለም ይችልሃል፤
አሉሚኒየም ግን ቂመኛ ነው፣ ትንሿንም ይቆጥርብሃል።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት። ቀጭ።
የተሰበረው
የብረቱ ቅርጽ ልጅ ነበረ።

ፊቱን ከአጉሊ መነጽሩ ሥር አጋደምኩት።
ሞገድ ሲመለስ ሐይቁ ዳር አሸዋ ላይ እንደሚተወው መስመር፣
በመስመር ላይ መስመር፣ እያንዳንዷ ጉተታ ፊርማዋን ጥላ።
ወደ ኋላ ቆጠርኩ፣ መጀመሪያው ድረስ።
እዚያ፣ ከጠርዙ ትንሽ ገባ ብሎ፣
ከፀጉር የቀጠነ የታጠፈ ሽፋን፦
ቀልጦ ሲፈስ አየር የነካው የራሱ ቆዳ፣
ራሱ ውስጥ የተቀበረ።
ጭልፋ ሲናወጥ ነው እንዲህ የሚሆነው።

ያን ሐሙስ ያፈሰሰው ጌሪት ነው።
አርባ አንድ ዓመት ከጭልፋው ጠብታ ያልባከነበት ጌሪት።
በመስከረም ሚስቱን ቀበረ፤
ከዚያ ወዲህ ጓንቱን እንዳወለቀ
እጆቹን ኪሱ ይከታቸዋል።
ፎርማኑ አላየም። እኔም አላየሁም።
ዘንጉ አየ።

ቅጹ ላይ ሣጥን አለ፦ «የስብራት መንስኤ»።
«የኦክሳይድ ሽፋን» ብዬ ጻፍኩ።
ከሥሩ ሌላ ሣጥን፦ «የሽፋኑ ምንጭ»።
እስክሪብቶዬን አነሳሁ፣
አስቀመጥኩት፣
ሻይ አፈላሁ፣
«ያልታወቀ» ብዬ ጻፍኩ፣ ፊደሉ ጠመመብኝ።

የአሸዋው ዘንግ አሁንም አልሞተም፤
ባለባቄላው፣ የናቅኩት፣
ሰባተኛ ሚሊዮኑን ጀምሯል።

ሲነጋ ጌሪት ትከሻው ላይ በረዶ ይዞ ገባ።
«እህ፣ ማን ረታ?»
«አሸዋው» አልኩት።
ሳቀ። «ቀስ ያለ ነገር» አለ፣
እጁን ከኪሱ ሳያወጣ።