ሐረጎን ወርዶ፣ ሐረጎን ወጥቶ

ከውሃ ቢሮው ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ ጋ ጦሳ ጉም ተከናንቦ፣
ጠረጴዛዬ ላይ የደሴ ቧንቧ በእርሳስ ተስቦ፤
አርባ ሰባት መጋጠሚያ፣ አርባ ሰባት ግፊቱ ያልታወቀ፣
አርባ ሰባት እኩልታ፣ እርስ በርሱ የተጣበቀ።

የሆጤው ሳይታወቅ የአራዳው አይገኝም፤
አራዳን ብጠይቅ «ሮቢትን ጠይቂ» እንጂ ሌላ አይነግረኝም፤
ሮቢት ደግሞ ዞሮ ዞሮ የሆጤን አፍ ይጠብቃል፤
ሰርግ ቤት በር ላይ እንደቆመ ሽማግሌ
ሁሉም «አንተ ቅደም» ይላል።

ጋሽ እንድሪስ ጀሪካን ገልብጠው ተቀምጠዋል፣ የቫልቭ ቁልፉ ጭናቸው ላይ፤
«ይኼ ሁሉ ቁጥር» ይላሉ፣ «ውሃ ይወጣዋል ወይ?»

ቀድሞ ሹፌር ነበሩ፤ ሐረጎን በአይሱዙ
ስንት ዘመን የወረዱ፣ የወጡ፣ ፍሬን እየያዙ።
እኔም በሚያውቁት ጥምዝ አስረዳሁ፦
«ማትሪክሱን ባንዴ አልገፋውም፤ ለሁለት ሦስት ማዕዘን እከፍለዋለሁ፤
አንዱ መውረጃ ነው፣ አንዱ መውጫ።

የላይኛው ረድፍ አንድ ብቻ የማላውቀው አለበት፤
እሱን ፈትቼ ወደ ሁለተኛው፣ ሁለቱን ይዤ ወደ ሦስተኛው ቤት፤
በየኩርባው የታወቀውን እያራገፍኩ
ቦርከና ድልድይ፣ ኮምቦልቻ ድረስ ወረድኩ።

ከዚያ ፊት ማዞር ነው። አሁን ከታች ነው የሚጀመር፤
የመጨረሻው ረድፍ ብቻውን ቆሟል፣ ስሙን ሊናገር፤
አርባ ሰባት ከታወቀ አርባ ስድስት ይገለጣል፤
ዳገቱ በጥምዝ በጥምዝ እስከ ሸዋ በር ያወጣል።»

«እሺ፤ ሰኞስ? ገበያው ቆሞ፣ አገሩ ሁሉ ሲጠማ?
ተራራውን ልትቆርሺ ነው እንደገና?»
«አይ፤ ቧንቧው ያው ነው፤ መንገዱ አንዴ ተቆርጧልና
የሚለወጠው ጭነቱ ብቻ ነው።»
ይኼን ወደዱት። ጭነት ያውቃሉ።

«ግን ሰያፉ ላይ ኢምንት ቁጥር ከመጣ፣ ላላ ድንጋይ ማለት ነው፣ ይጥላል፤
በሱ ካካፈሉ ትንሿ ስህተት ተራራ ታክላለች፤
ረድፍ ከረድፍ አለዋውጦ ጠንካራውን ማስቀደም ይሻላል።»
«ወያላም እንደዚያው ነው» አሉ።

አዘዝኩት። ላፕቶፑ
በዓይን ጥቅሻ ወርዶ ወጣ።
ያዘዝነው ከደረሰው ሲቀነስ ያለው ቀሪ
ከነጥብ በኋላ አስር ዜሮ ይዞ መጣ።
እኔም ተኩራራሁ፤ ለምን እዋሻለሁ።

ያኔ ነው ሠላሳ አንድ ቁጥር ቀና ብሎ ያየኝ፦
ከዜሮ በታች።
ማለት፦ ሮቢት ያለው ቦኖ
ውሃ መስጠቱን ትቶ ከሰው ባልዲ ይጠጣል።

ጋሽ እንድሪስ ጎንበስ አሉ፤ መነጽር የለም።
ጥፍራቸውን ከአንዲት መስመር ላይ አሳረፉ፣ ዝም።
«ይቺ የለችም» አሉ። «ኮብልስቶን ሲነጠፍ
እኔው ነኝ በእጄ የደፈንኳት። ማን ይጻፍ?»

እንግዲህ መልሴ ልክ ነበር፤
ልክ፣ እስከ አስረኛው ዜሮ ድረስ፣
ላልተሠራች ደሴ።

መስመሯን ሰረዝኩ። ተራራውን እንደ አዲስ ቆረስኩ።
ወረድኩ። ወጣሁ።
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት በባትሪ ብርሃን
ሮቢት ሄደን ቫልቩን አንድ ዙር ተኩል ከፈትን፤
ቧንቧው መጀመሪያ ሳለ፣
እንደ ሽማግሌ፣ አየር አየር፤ ቀጥሎ ቀይ፤ ቀጥሎ ጠራ።

ተራ የያዙት ጀሪካኖች በገመድ ታስረው አድረዋል፤
አንድ በአንድ ሞሉ። ጎህ ሲቀድ ዘጋን።
አንዲት ቢጫ ጀሪካን ባዶዋን ቀረች፣ ባለቤቷ አጠገቧ፣ ነጠላዋን አጣፍታ።
«ከየት ነሽ?»
«ከላይ፣ ከገደሉ በላይ። እዚያ ቧንቧ አልተዘረጋም።»
«ስምሽስ?»
«ጦይባ።»

ከአርባ ሰባቱ ውስጥ የለችም።
እስክሪብቶ ብዬ እጄን ብዘረጋ
ጋሽ እንድሪስ ያቀበሉኝ የቫልቩን ቁልፍ ነው፤
ሁለት እጅ ይፈልጋል፣ ይከብዳል፣ ውርጭ ይዞታል።