የእጀታ ቀሚስ

ጀጎል አምስት በር አለው፣ የኔ ፔጆ አራት፤
የኋላ ኮፈኗን አምስተኛ ብላት
ከከተማው እኩል ትሆናለች በቁጥር፤
ግን የሷን ለመክፈት ያሻል ትንሽ ምስጢር፦
የፊት ግራው ከውስጥ፣ የፊት ቀኙ ከውጭ፣
የኋላ ግራው ደግሞ በጉልበት፣ ገጭ ገጭ፤
የኋላ ቀኙ ግን ጠባዩ የብቻው፣
ከፍ፣ ገፋ፣ ረገጥ፤ ያ ብቻ ነው መፍቻው።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ላበ እጅ የላሰው
እጀታዋን ሁሉ ዝገት ነው የለበሰው።
ፈረስ መጋላ ላይ ባጃጁ ተሰልፎ፣
በአበባ፣ በኮከብ፣ በአንበሳ ተለጥፎ
ሲያልፈኝ ዝም አልኩኝ። ሰው ነገር ይችላል።
ግን አንድ ቀን ማታ አው አብዶሽ ብቅ ይላል፦
«ቅዳሜ ሩሚያን ልድራት ነው፣ መርዕድ፤
ካንተ ፔጆ በቀር በሌላ አልሄድ
ብላለች» አለና እጀታውን አየ፤
አንዴ ነው ያየው፤ ግን ዓይኑ ትንሽ ቆየ።

እኔ ምንም አላልኩ። ሐሙስን ጠብቄ፣
ድሬ ወረድኩና ታይዋን ተጨቃጭቄ
አንድ ጣሳ ስፕሬይ ገዛሁኝ፣ ወርቅማ፤
ክዳኑ ይህን ካበራ፣ ውስጡማ፣ ውስጡማ!
ላቤን እየጠረግሁ፣ አሥር ብር አስቀንሼ፣
የደንገጎን ዳገት ወጣሁ ተመልሼ።

አርብ ጠዋት ከግንቡ ጥላ ስር አስጠጋሁ፣
ካቻቢቴ ይዤ አራቱንም ፈታሁ።
አንዲቷ ዳዶ አምልጣ ከበሩ ሆድ ገባች፤
ቅጭል አለች ወርዳ፣ እዚያው ቤት ሠራች።
በቤንዚን አጠብኩት፤ የብርጭቆ ወረቀት
ባለ አራት መቶውን በውሃ እያራስኩት
ፈገፈግሁ። ዝገቱ እንደ በርበሬ ወረደ፣
ከስሩ ነጭ ብረት እንደ አዲስ ተወለደ።
የቁልፉን ቀዳዳ ቀለም እንዳይደፍነው
በፋርማሲ ፕላስተር አሰርኩት፤ ቁስለኛ ነው።
ሽቦ ላይ ሰቅዬ፣ እንደ ቋንጣ ሥጋ፣
ፉሽ አልኩት፤ አንደኛው እንደ ጠዋት ነጋ።
ሁለተኛው ነጋ። ሦስተኛውም። ጣሳው
አራተኛው ላይ ፍስስ! ይኸው እንግዲህ አበሳው።

ከሙሽሪት ቤት ሂና፣ ከሳህን የተረፈ፣
እቴነሽ ቀባችው፤ ደረቀ፣ ረገፈ።
ብረቱን በኪሴ፣ ሮጥኩ መኪና ግርግር፣
ስፌቱ ግራና ቀኝ ድንጋዩን ሲያናግር፣
ረመዳን ሰፊው ጋ። መነጽሩን ገፍቶ
እጀታውን ለካ፣ ሜትሩን ዘርግቶ፣
ወገቡን፣ ትከሻውን። «ሴት ነው ወንድ?» አለኝ።
«በር ነው።»
«በር ሴት ናት» አለና በመቀሱ ዝም አሰኘኝ።
ከሩሚያ ቀሚስ ከተረፈው ቁራጭ፣
ወይን ጠጅ ከፋይ ላይ የወርቅ ክር አቋራጭ፣
ሰፋለት አለበሰው። ሁለት ቁልፍ፣ አንድ እጥፋት።
«ዋጋው?» ስል፣ «ለፔጆህ የሰርግ ስጦታ ነው በላት።»

ቅዳሜ እኩለ ቀን፣ ሙሽሪት ብቅ ስትል፣
ሦስቱ ወርቅ እጀታ ፀሐይ ላይ ሲቃጠል፣
በሂና ያበበ እጇን ዘረጋች ወደ አራተኛው፣
ወደ ለባሹ፣ ወደዚያ አመለኛው።
ልቤ ቀጥ አለ። ከፍ፣ ገፋ፣ ረገጥ
ይህን በሙሽራ ጫማ እንዴት ብላ ትርገጥ?
እሷ ግን ታውቃለች። ገና በስምንት ዓመቷ
ትምህርት ቤት ሳደርሳት ለምዶታል ጉልበቷ፦
ከፍ።
ገፋ።
ቀሚሷን ሰብሰብ አርጋ፣ ረገጥ።
ተከፈተ። ሴቱ
እልል አለ፤ ለማን እንደሁ አልገባኝም በውነቱ።

ማታ ቤት ስገባ መዳፌ ቢጫ ሆኗል፤
የሦስቱ በር ወርቅ እጄ ላይ ተጣብቋል።
እቴነሽ በሳሙና ስታሸው፣ ስታሸው፣
«መኪናውን ብለህ እጅህን ሞሸርኸው» አለችኝ።

ክረምት ሲገባ ዝናቡ የቀረውን ወርቅ ወሰደ።
ቀሚሱ አለ፤ ሳስቷል፣ አንድ ቁልፉ ወድቋል፤
ተሳፋሪ ሁሉ በዚያ በኩል ልግባ ይላል፣
መርገጡን እስክነግረው።
ያቺ ዳዶም አለች።
በር በዘጋሁ ቁጥር ከሆዱ ቅጭል ትላለች።
«ምንድን ነው የሚጮኸው?» ይሉኛል።
«የሰርግ ነው» እላለሁ፣
ማርሽ እያስገባሁ።