ሰባ ሁለተኛዋ ቁልፍ

ባንዶኔዮን ይሉታል፤ የአኮርዲዮን የአክስት ልጅ ነው፤
ጉልበት ላይ ተኝቶ፣ ሲስቡት የሚተነፍስ፣ ሲገፉት የሚያዝነው።
ሰባ አንድ ቁልፍ አለው፤ ሠላሳ ስምንት በቀኝ፣
ሠላሳ ሦስት በግራ፤ አባቴ በኩርኩም ነው ያስቆጠረኝ።

ሰባ ሁለተኛዋን ያመጣችው የእህቴ ልጅ ሮሳውራ ናት፤
ከሞንቴቪዴዎ በምነሳበት ዋዜማ፣ የኮት ቁልፍ የምታህል፣ ነጭ፣ ፊት የሌላት።
«ብሉቱዝ ናት» አለችኝ፣ ከሳጥኑ ገበር ሥር ስትወሽቃት፤
«አጎቴ፣ የትም ቢወስዱት በስልክህ ታያታለህ፤ ብቻ አትንካት።»

ሳቅሁባት። እኔ እስከ ዛሬ የጣልኩት
ጃንጥላና ትዳር ነው፤ ሁለቱንም ወድጄ የተውኩት።

ፍራንክፈርት ላይ ግን፣ ቢጫ ሻርፕ የጠመጠመች የበር ሠራተኛ
ሳጥኑን በሜትር ለካችና፦ «ከእቃ ጋር ይጫን፤ ለዚህ ቦታ የለንም እኛ።»
እጄን ከትከሻዬ ነቅዬ የሰጠኋት መሰለኝ።
ታምፔሬ ደረስኩ፤ ፊንላንድ፤ የሻንጣ ማዞሪያው ዞሮ ዞሮ ባዶውን አሳየኝ።

(ፊንላንዶች ታንጎ ይወዳሉ፤ በረዶ ላይ ያደገ ታንጎ፣ አንገቱን የደፋ፤
ለሦስት ማታ ጭፈራ ነበር የጠሩኝ። ይኸው ሰውዬው መጣ፣ ዜማው ጠፋ።)

ስልኬን አወጣሁ። ካርታ። አንዲት ሰማያዊ ነጥብ
ፍራንክፈርት ላይ ቁጭ ብላለች፣ ከመጋዘን ጥግ፣ ያለ ውሃ፣ ያለ ምግብ።

ጋባዤ ኡርሆ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው፣ ሾርባ አቀረበልኝና
በጣቱ ጠረጴዛው ላይ እየሣለ አስረዳኝ፣ በጥሞና፦
«ይቺ ነገር ከሰማይ ጋር ወሬ የላትም፤
ድምፅዋ ከአንድ አዳራሽ አያልፍም።
ሰው ሲያልፍ ብቻ፣ ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ ይሰማታል፣
‹እዚህ ናት› ብሎ ይነግርልሃል፤
ሰውዬው ግን አያውቅም። እንቅልፉን እያሰበ ያልፋል።»

ያን ሌሊት አልተኛሁም።
ከነጥቧ ሥር ትንሽ ጽሑፍ፦ «ከሁለት ደቂቃ በፊት»። ከዚያ ለረዥም ጊዜ ምንም።
«ከአርባ ደቂቃ በፊት።» «ከአንድ ሰዓት በፊት።» ጨለማው ቆጠረ።
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ «አሁን» አለች። አንድ ሰው አልፎ ነበረ።
ደግሞ በአሥር ሰዓት። በማግስቱም በስምንት፣ በማግስቱም በአሥር፤
ዝንፍ የማይል እርምጃ፣ ከመጋዘን እስከ በር።

ማን ነው? ዘበኛ? ወለል የምትወለውል ሴት?
ጉልበቷን ያማት ይሆን? ምን ታንጎራጉራለች በዚያ ሌት?
ስም ስላጣሁላት «ስምንት ሰዓት» ብዬ ጠራኋት።
«ስምንት ሰዓት መጣች!» ስል፣ ኡርሆ በእንቅልፍ ልቡ ተነስቶ፣ ስልኩን ተቀብሎ አያት።
ሰው ለሰው መድኃኒቱ ሲሉ እሰማ ነበር፤
መድኃኒቱ ራሱ ሳያውቅ እንደሆነ ግን ማንም አልነገረኝም።

የመጀመሪያውን ማታ በተውሶ አኮርዲዮን አለፍኩ፤ ጣቶቼ፣ በሰው ቤት ያደረ እንግዳ
የመብራት ማብሪያ በጨለማ እንደሚዳብስ፣ ግድግዳ ለግድግዳ።

በሦስተኛው ቀን ነጥቧ ተነሳች፣ ወደ ሜዳው ወጣች፣ ጠፋች፤
ባልቲክ ላይ ማን ያልፋል? ከቀትር በኋላ ከበሬ ውጭ «አሁን» አለች።

ማታ፣ ጥንዶቹ ሁሉ ተያይዘው ሲቆሙ፣ ሰዓቴን አየሁ፤
አራት። ስምንት ሰዓት ገና ሥራ አልገባችም። ሳንባውን እስከ ዳር ሳብኩና ዘረጋሁ፤
አንዱንም ቁልፍ ሳልነካ። አየር ብቻ። ዳንሰኞቹ ግራ ገባቸው፤
ኡርሆ ጫማውን እያየ ፈገግ አለ። ከዚያ በኋላ ነው የተጫወትኩላቸው።

በመመለሻዬ ለሳጥኑ ወንበር ገዛሁለት፤ እንደ ሙሽራ ከጎኔ አስቀመጥኩት።
ፍራንክፈርት ላይ ግን፣ ባለቤት ያጡ ሻንጣዎች የታጎሩበትን መስታወት ሳይ፣ መንገዴን ሳትኩት።
ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነው። በዝግታ አለፍኩ። ተመለስኩ። ደግሞ አለፍኩ።
የማን እንደሆኑ አላውቅም፤ ሌሊቱን ስንቴ ካርታ እያየ እንደሚያነጋ፤
ብቻ «አሁን» ይበል ብዬ፣ የሆነ አገር፣ የሆነ ሰው አልጋ ጋ።